የምንገዛው ቤቱን ነው ወይስ የመንግሥትን ቃል?

«ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። ሥሩ «ሰፈረ» ነው፤ ጭነቱን አወረደ፣ ድንኳኑን ተከለ፣ ለጊዜው ዐረፈ ማለት ነው። የሰፈረ ሰው ነገ ሊነሣ ይችላል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ከመሆኗ በፊት ሰፈር ነበረች፤ በንጉሡ ግቢ ዙሪያ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው የሰፈሩባቸው የድንኳንና የጎጆ መንደሮች ስብስብ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። ድንኳኑ ወደ ጭቃ ቤት፣ ጭቃው ወደ ድንጋይና ብሎኬት፣ ብሎኬቱም ወደ መስታወት ሕንፃ ተለውጧል። የነዋሪው ጥያቄ ግን ዛሬም ያው የሰፈርተኛ ጥያቄ ነው፦ የምንነሣው መቼ ነው?

ይህን ጥያቄ እንደ ታሪክ መምህር ብቻ ሳይሆን እንደ አንድ ገዢ ለማንሣት የተገደድሁት በቤተሰብ ጉዳይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለ14 ዓመታት በሳውዲ ዓረቢያ ሠርቶ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሟል። እኔና ባለቤቴም ከደመወዛችን የቆጠብነው አለን። ሁለቱን አዳምረን ከአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች በአንዱ የሚገኝ አንድ የቆየ ቤት እንድንገዛ ሐሳብ ቀረበ። ቤቱ በንጉሡ ዘመን የተሠራ፣ የድንጋይ መሠረት ያለው፣ ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ ነው። በግራና በቀኝ የቀበሌ ቤቶች ተደግፈውታል፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ገና ያልተጠናቀቀ ረጅም ሕንፃ ቆሟል።

በክርክሩ መካከል ሁለት ሰዎች የተናገሯቸው ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ከአእምሮዬ አልጠፉም። አንደኛው የደላላው ነው፦ «ዶክተር፣ ይኼ ቤት አይደለም፤ ቦታ ነው» አለኝ። ሁለተኛው ጎብዬ የሚኖሩት አጎቴ በስልክ የተናገሩት ነው፦ «ልጄ፣ ግድግዳውን ትገዛላችሁ፤ ምድሩስ የማን ነው?» ደላላው ቦታ እሸጥልሃለሁ ይላል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ቦታ አይሸጥም ይላል። አጎቴ ሕገ መንግሥቱን አላነበቡም፤ የጠየቁት ግን ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

ጎብዬን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በስተምዕራብ የላስታ ደጋ ይታያል፤ በስተምሥራቅ ሜዳው ወደ ዞብል ተራሮች ይዘልቃል። ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት፣ ከብት የሚረባበት፣ ዝናቡ የማይታመንበት አገር ነው። እዚያ ቤት ይሠራል እንጂ አይገዛም። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ እንጨቱ በደቦ ተሸክሞ መጥቶ ይቆማል። የቤቱ ዋጋ በእንጨቱና በጭቃው ሳይሆን በቆመበት መሬትና በጎረቤቱ ይለካል።

አጎቴ በአንድ ዕድሜ ሦስት የመሬት ሥርዓቶችን አይተዋል። በልጅነታቸው መሬት ርስት ነበር፤ ባለቤትነቱ በዘር ሐረግ ይቆጠራል፣ ክርክሩም አያልቅም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና ርስቱ ወደ ገበሬ ማኅበር ድልድል ተለወጠ። በኋላም የአማራ ክልል የይዞታ ደብተር መስጠት ጀመረ፤ በደብተሩም ገበሬው «ባለይዞታ» ተባለ። አጎቴ ደብተራቸውን በሣጥን ቆልፈው ያስቀምጡታል። ነገር ግን ደብተሩ ውስጥ «ባለቤት» የሚል ቃል እንደሌለ ያውቃሉ። የምድሩን ባለቤት የጠየቁኝ ሦስት ጊዜ መልሱ ሲለወጥ ስላዩ ነው።

ወንድሜ ግን ለዚህ ክርክር ሌላ መልስ አለው። ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ በራያ ከተሞች ቤት የሠሩ ጓደኞቹ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ቤተሰቦቻቸው በር ቆልፈው፣ ቁልፉን በኪስ ይዘው ሲሰደዱ ሰምቷል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና የተቀሰቀሰው በዚያው በቆቦ ዙሪያ ነበር። ከዚያም ወዲህ ቢሆን አካባቢው የተሟላ ሰላም አላገኘም። ስለዚህ «የገንዘብ ማረፊያ አዲስ አበባ ናት» ይላል። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከ57 ብር በላይ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። በባንክ የተቀመጠ ብር ምን እንደሚሆን ሁሉም አየ። የወንድሜ ሥጋት የተጨበጠ ሥጋት ነው፤ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን «አዲስ አበባ ማረፊያ ናት» የሚለው አባባል ራሱ በታሪክ ሊመረመር ይገባዋል።

ከድንኳን ወደ ርስት

ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ለማዛወር አስበው እንደነበር ይታወቃል። የማገዶ እንጨት አልቆ ነበርና ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም መሠራት ጀመረች። ከተማይቱን በቦታዋ ያቆያት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የሚነሣ ሰፈር የነበረው ከተማ ሆኖ ለመቅረት የበቃው በቶሎ የሚያድግ ዛፍ ስለተገኘለት ነው።

ከተማው መቆየቱ ሲታወቅ የቦታው ሕግም ተከተለ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የምኒልክ የከተማ ቦታ ደንብ ለቦታ ባለቤትነት ሕጋዊ መልክ ሰጠው፤ ቦታ መሸጥና መለወጥ ተፈቀደ። የመኳንንቱ ሰፈሮች እየተሸነሸኑ ሄዱ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር እያልን ዛሬም የምንጠራቸው ስሞች የዚያ ዘመን የመሬት ካርታ ቅሪቶች ናቸው። ባለቦታው ጌታ፣ ሰፋሪው አገልጋይ ነበር፤ በኋላ ባለቦታው አከራይ፣ ሰፋሪው ተከራይ ሆነ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘር መስመር ተከፍላ ታቀደች። ጉይዲና ቫሌ የተባሉ የጣሊያን አርክቴክቶች ባወጡት ፕላን ነጩና «አገሬው» ተለያይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ የአገሬው ገበያም ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሆነ። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ያኔ ነው፤ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር፣ ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የአዲስ አበባን ነዋሪ በፕላን ስም ከቦታው ማንሣት የተጀመረው ዛሬ አይደለም፤ በደርግም አይደለም።

ከነፃነት በኋላ እስከ 1966 ዓ.ም. ያሉት ዓመታት የባለርስቱና የአከራዩ ዘመን ነበሩ። ከተማዋ አደገች፤ ቦታው ግን በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ነበር። እኛ ልንገዛው ያሰብነው ቤት የተሠራው ያን ጊዜ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967

የአዲስ አበባን የዛሬ መልክ ለመረዳት ከሁሉ በላይ አንድ ሰነድ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967። አዋጁ የከተማን ቦታ በሙሉ ወረሰ። አንድ ቤተሰብ ሊኖርበት የሚችለው አንድ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ሆነ። የቀረው «ትርፍ ቤት» ተባለ። የቤት ኪራይ ተቀነሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ።

ለድሃው ተከራይ ያ ቀን የነፃነት ቀን እንደነበር መካድ ታሪክን ማዛባት ነው። ከዓመት ዓመት በአከራይ ፊት ሲለማመጥ የኖረ ሰው በጥቂት ብር ኪራይ ቤቱን «የእኔ» ለማለት በቃ። ነገር ግን አዋጁ በጊዜው ጥቂቶች ብቻ ያስተዋሉት አንድ ውጤት ነበረው። ኪራዩ ለዐሥርተ ዓመታት በዚያው በጥቂት ብሮች ላይ ቆመ። ቀበሌው ከኪራዩ ቤቱን የሚያድስበት ገንዘብ አላገኘም፤ ተከራዩም የመንግሥትን ቤት በራሱ ወጪ ለማደስ ምክንያትም ዋስትናም አልነበረውም። ልጆች ተወለዱ፣ ደባል ገባ፣ ጓሮው በቆርቆሮ ተቀጠለ። ግድግዳው አረጀ። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ባለሥልጣናት መጥተው «ይህ ሰፈር ለሰው መኖሪያ አይመጥንም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን ሰፈሩን ለሰው እንዳይመጥን ያደረገው ማን ነው? የ2000ዎቹን ዶማ የሳለው የ1967ቱ ብዕር ነው።

ለቤት ገዢ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በነባር ሰፈር የግል ሆኖ የቀረ ቤት ብቻውን አይቆምም፤ ዙሪያውን በመንግሥት ቤቶች ተከቧል። የእናንተ ቤት የቱንም ያህል ቢታደስ፣ ጎረቤታችሁ መንግሥት ነው። መንግሥት የራሱን ቤቶች ሊያፈርስ በወሰነ ቀን የእናንተም ቤት በዚያው መስመር ውስጥ ይገኛል።

የወረቀቱ ጉዳይ

ደርግ ወድቆ ገበያ ሲመጣ ቦታው ለባለቤቱ አልተመለሰም። በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጣ፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። በዚያው አንቀጽ ግለሰቡ በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በገነባው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ተደነገገ። እንግዲህ ቤቱ የግለሰብ፣ ምድሩ የመንግሥት ነው። የአጎቴ ጥያቄ የሕግ መልሱ ይኸው ነው።

የሊዝ ሕጉ ራሱ ግን አልረጋም። በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ሦስት አዋጆች ወጡ፤ በ18 ዓመታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ለገዢ ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው። አዋጁ ከሊዝ በፊት የተያዘን ነባር ይዞታ ሰው ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲያስተላልፍ፣ የተላለፈለት ሰው ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደነገገ። ይህ ድንጋጌ በወጣበት ጊዜ ከፍተኛ ጩኸት ያስነሣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ሻጩ በእጁ ያለውን ነገር ለገዢው ሊያስተላልፍ አይችልም። ሻጩ ነባር ባለይዞታ ነው፤ ገዢው የሊዝ ባለይዞታ ይሆናል። ቤቱ ያው ነው፤ ግድግዳው ያው ነው፤ በግቢው ያለችው ኮባ እንኳ ያቺው ናት። መብቱ ግን በስም ዝውውሩ መስኮት ላይ ተለውጦ ይወጣል። ለአሮጌ ቤት ካርታ ተብሎ የሚጠየቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ ይህን ልዩነት ያላገናዘበ ነው።

ካዛንቺስ

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ገደማ የፒያሳ ክፍሎች በኮሪደር ልማት ስም ፈረሱ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀበት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት ያ ሰፈር በሳምንታት ውስጥ ተራቆተ። ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት ተሠራ። መንገዱ ያምራል። ይህን አለማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ጥያቄው ለማን፣ በማን ወጪና በምን ያህል ማስጠንቀቂያ ተሠራ የሚለው ነው።

የተነሣው ሰው አንድ ዓይነት አልነበረም። የግል ባለይዞታው ለግንባታው ካሳና ምትክ ቦታ የሚጠይቅበት ሕግ አለው። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ምትክ የመንግሥት ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ይሰጠው ዘንድ ይጠብቃል። ደባሉ፣ በጓሮ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው፣ በበር ላይ ጀበና ዘርግታ ቡና የምትሸጠው ሴት ግን ለመብታቸው የሚጠቅሱት አንቀጽ እምብዛም የላቸውም።

በዓለም ታሪክ ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1870 ባሮን ኦስማን በፓሪስ የሠራው ሥራ ነው። እርሱም አሮጌ ሰፈሮችን ሰንጥቆ ሰፋፊ ጎዳናዎችን አወጣ። ነገር ግን በፓሪስ ካሳውን የሚወስኑት ከራሳቸው ከንብረት ባለቤቶች የተውጣጡ ዳኞች ነበሩና፣ ካሳው እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ ባለቤቱ ከበረ፣ ተከራዩ ወደ ዳርቻ ተባረረ። ቤቱ መስመር ላይ የወደቀበት ፓሪሳዊ ዕድለኛ ተባለ። በእኛ አገር ደላሎች «መንገድ ይወጣበታል፣ ዕድለኛ ናችሁ» ሲሉ የሚሸጡልን ያንን የፓሪስ ተስፋ ነው፤ የፓሪስ ዳኞች ግን ከእኛ ዘንድ የሉም።

ዋጋው ሦስት ክፍል አለው

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የአንድ አሮጌ ቤት ዋጋ ሲፈተሽ ሦስት ነገሮች ይገኙበታል። የመጀመሪያው ግድግዳው ነው፤ ድንጋዩ፣ ጣውላው፣ ቆርቆሮው። ሁለተኛው ወረቀቱ ነው፤ በቦታው የመቆየት መብት። ሦስተኛው ተስፋው ነው፤ ሰፈሩ ነገ ይሆናል ተብሎ የሚገመተው።

ከሦስቱ ትንሹ ግድግዳው ነው። ቤቱ ለልማት ሲፈለግ ግን ካሳው በዋናነት የሚታሰበው በግድግዳው ነው፤ የግንባታው መተኪያ ዋጋ ተብሎ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቀድሞው ከአዋጅ 455/1997 የተሻሉ ነገሮችን እንደያዘ አልክድም፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል ደንግጓል፣ ባለይዞታው ራሱ በፕላኑ መሠረት ለማልማት ቅድሚያ እንዲሰጠውም ብሏል። ነገር ግን ቦታው የመንግሥት ነውና የቦታው የገበያ ዋጋ በካሳው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ገዢው ለሦስት ነገሮች ይከፍላል፤ በክፉ ቀን የሚመለስለት በአመዛኙ የአንዱ ዋጋ ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ገዢው በመንግሥት ቃል ላይ የሚያሲዘው ውርርድ ነው።

ሀብታም ይህን ውርርድ ሊገባ ይችላል። አንድ ቤት ቢያጣ ሌላ አለው፤ መረጃም ቀድሞ ይደርሰዋል። በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅደው አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ስለጸደቀ፣ ከዚህ በኋላ በዚህ ገበያ የሚወዳደሩን ኪሳቸው ከእኛ የሰፋ ሰዎች ናቸው። የወንድሜ ገንዘብ ግን የ14 ዓመት ጉልበት ነው፤ ሁለተኛ 14 ዓመት የለውም።

በዚህ ምክንያት ቤቱን እንዳንገዛ መከርሁ፤ አልገዛንም። ምክንያቴ ሰፈሩ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። የተጠየቀው ዋጋ ሻጩ ሊያስተላልፈው የማይችለውን ነገር የሚያካትት ስለሆነ ነው። ወንድሜ አልተደሰተም። ዋጋው ከዓመት በኋላ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የታሪክ መምህር ነቢይ አይደለም። ይልቁንም አሁን የምንፈልገው ለመኖር የሚበቃ፣ ዋጋው በአብዛኛው በግድግዳው የሚገለጽ፣ ስሙ በሕግ የተመዘገበ አፓርታማ ነው። ተመሳሳይ ምርጫ ለገጠማችሁ አንባቢያን የምመክረውም ይህንኑ ነው። ከፊርማ በፊት ሦስት ነገሮችን ጠይቁ፦ ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለምን ተመድቧል? ስሙ ሲዛወር የእኔ መብት ምን ይሆናል? ነገ ብነሣ በካሳው ምን መግዛት እችላለሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ የምታገኙት መልስ ከዋጋው ግማሽ የማይደርስ ከሆነ፣ የምትገዙት ቤት ሳይሆን ሎተሪ ነው።

ከቤት በላይ የሆነው ነገር

ይህ የአንድ ቤተሰብ ውሳኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት። ነገር ግን በነገው የማይተማመን ነዋሪ ቤቱን አያድስም፤ ዛፍ አይተክልም፤ የሰፈሩን ትምህርት ቤት አይጠይቅም፤ እድር ውስጥ ከልቡ አይገባም። ሁሉም ለመነሣት የተዘጋጀ ሰፈርተኛ ከሆነ ከተማው ሕንፃ ይኖረዋል እንጂ ዜጋ አይኖረውም። አጎቴ በዚያ በማይታመን ዝናብ ሥር ማሳቸውን በእርከን የሚያጥሩት ደብተሩ እንደሚቆይ ስላመኑ ነው፤ ባያምኑ ኖሮ አፈሩ በጎርፍ ሲሄድ ዝም ብለው ባዩት ነበር።

መንግሥት መሬትን ለግል ይስጥ ወይስ አይስጥ የሚለው ትልቅ ክርክር ይቆየን። ያ ክርክር ሳይፈታም ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የሚፈርሱ ሰፈሮች ዝርዝር ከነጊዜው አስቀድሞ ለሕዝብ ይገለጽ። ካሳው ተነሺው በዚያው ከተማ ተመጣጣኝ ኑሮ መልሶ እንዲጀምር የሚያስችል ይሁን። አሮጌ ቤት ለማደስ የሚፈልግ ባለይዞታ ለተወሰኑ ዓመታት እንደማይነሣ በጽሑፍ ዋስትና ይሰጠው። ደባልና የጓሮ ተከራይ በተነሺዎች መዝገብ ላይ ስማቸው ይስፈር። እነዚህ አብዮት አይጠይቁም፤ ቃል መጠበቅን ብቻ ይጠይቃሉ። ምኒልክም፣ ኃይለ ሥላሴም፣ ደርግም፣ ከዚያ በኋላ የመጡትም ሁሉ ለከተማው ነዋሪ ስለ ቦታው ቃል ሰጥተዋል። አንዱ የሰጠውን ቃል ሌላው ሲሽር ኖሯል። የአዲስ አበባ ቤት ዋጋ የሚረክሰውም የሚንረውም በዚህ ቃል አለመጽናት ነው።

ቸር ይግጠመን።